በህንፃ ስም የሚፈተነው ሰውዬ

ህንፃም እንደ ሰው ይፈተናል። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ ይፈተናል። ለምሰሶ የሚሆን ኮንክሪት ሲቦካ ከዚያው ላይ ትንሽ ይጨለፍና ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ይሞላል። ሲደርቅ አራት ማዕዘን ድንጋይ ሆኖ ይወጣል፤ ኩብ ይሉታል። ኩቡ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ እዚያ ትልቅ ማሽን ይጨፈልቀዋል። ቶሎ ከፈረሰ ህንፃው ወደቀ፣ ከቻለው ህንፃው አለፈ። በቃ፣ ወረቀቱን ይቀበላል።

እንግዲህ ፈተና ባለበት ኩረጃ አይጠፋም። በዚያ ከተማ ግን ነገሩ ከኩረጃም አልፎ፣ ለህንፃዎቹ ሁሉ ገብቶ የሚፈተንላቸው አንድ ሰውዬ ነበር።

እጀ ወርቅ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ጋሼ ኮንትራክተሩ ናቸው፤ የከተማውን ህንፃ ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው፣ ኩቡን ሁሉ የሚሠራላቸው እሱ። ልጅ እያለ ስድስተኛ ክፍል ላይ ለጎረቤታቸው ልጅ ገብቶ ሲፈተን ተይዞ ነው ከትምህርት ቤት የተባረረው። "ያኔ ያባረሩኝ በዚህ ሙያ፣ ዛሬ የሚያበላኝ ይኸው ሙያ" እያለ ይስቅ ነበር። ጓሮው ውስጥ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አለ። እውነተኛው ምሰሶ ላይ ሲሚንቶው እንደ ጨው ጣል ብቻ ነው የሚደረግበት፤ የተረፈው ከረጢት በጓሮ በር ወጥቶ ይቸበቸባላ! እሱ ጋ የሚቦካው ግን ሌላ ነው። አሸዋው ሦስቴ ታጥቦ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ሲሚንቶው ሳይሰሰት። ገና እርጥብ እያለ በሚስማር ይጽፍበታል፤ የህንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የምሰሶውን ቁጥር። ከዚያ እንደ ሕፃን አቅፎ በርሜሉ ውስጥ ያስተኛዋል።

ትምህርት ቤቱ፣ ድልድዩ፣ የገበያ አዳራሹ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉም ፈተናቸውን ያለፉት እዚያ በርሜል ውስጥ ተኝተው ነው። የላብራቶሪው ሰውዬ፣ መነጽሩ የሚሉት፣ ማሽኑን ሲያስነሳ ተቆጣጣሪዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ። "ይሄ ህንፃ ነው ወይስ ተራራ?" ይላሉ። መነጽሩ ሁሉን ያውቃል። አውቆም ይጽፋል።

የሆስፒታሉ ጊዜ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ጋሼ ዝርዝሩን ሰጡት፤ እሱም ሥራ ወዳድ አይደል፣ የአራቱንም ፎቅ ኩብ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ህንፃው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረ፤ የአራተኛው ፎቅ ሲሚንቶና ፌሮ ሄዶ የጋሼ ቪላ ሆነ። ለኩቦቹ ማን ይንገራቸው? ሃያ ስምንት ቀናቸውን ተኝተው፣ ላብራቶሪ ሄደው፣ ያልተሠራው አራተኛ ፎቅ በከፍተኛ ውጤት አለፈ! ጋሼ ወረቀቱን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አንተ፣ ያልተወለደ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረስክ እኮ!" አሉት። እጀ ወርቅም ሳቀ። ያኔ ሳቅ ርካሽ ነበር።

ሳቁን የወሰደበት የገበያ አዳራሹ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ነጋዴዎቹ ገና በር እየከፈቱ፣ አዳራሹ ቁጭ አለ። ወደቀ አይባልም፤ እንደደከመው ሰው ቁጭ ነው ያለው። እጀ ወርቅ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ መዶሻውን ይዞ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ደረሰ። አንድ ቁራጭ ኮንክሪት አነሳ፤ እጁ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ያን ጊዜ ነው ከስር የሰማው።

ኳ። ኳ። ኳ።

አቧራው ላይ ተደፍቶ በመዶሻው መለሰ፤ ሦስት ጊዜ። ከስርም ሦስት ጊዜ። "ሰው አለ! ኧረ ሰው አለ!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ እጁ እስኪደማ ድንጋይ ያነሳ ጀመር። በየመሃሉ እሱ ያንኳኳል፣ ያኛው ይመልሳል። ሌላ ትርጉም የለውም፤ አለሁ ማለት ነው፣ አለህ ወይ ማለት ነው።

ስልኩ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

"የት ነህ? ቶሎ ላብራቶሪ ሂድና የአዳራሹን ወረቀት አውጣ፣ መርማሪዎቹ ሳይቀድሙህ።"

"ጋሼ፣ ከስር ሰው አለ እኮ። እያንኳኳ ነው።"

"ሰው የሚያወጣ መንገደኛ ሞልቷል። ወረቀት የሚያወጣ አንተ ብቻ ነህ። ሂድ አልኩህ!"

ጋሼን እምቢ ብሎ አያውቅም። ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብሎ "መጣሁ፣ ጠብቀኝ" አለ። ከድንጋዩ ሲነሳ ከኋላው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሄደ።

ወረቀቱን ለጋሼ አስረክቦ ሲመለስ ቀትር ሆኗል። ቦታው ላይ ተንበርክኮ አንኳኳ። መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ። መዶሻውን ሰዎች ናቸው ከእጁ የነጠቁት።

ምርመራው በሳምንቱ አለቀ። ወረቀቱ ግሩም ነው፣ ኩቦቹ ግሩም ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የነጋዴዎቹ ሆነ። አዳራሹ ጠንካራ ነበር፣ ያስቀመጡት ስኳር ነው የከበደው ተባለ። ስኳር ነጋዴው ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ እጀ ወርቅ ምሰሶ አጠገብ አይቀመጥም። አላፊ አግዳሚው ያልፋል፣ እሱ ግን ምሰሶ ባየ ቁጥር ጣቱን ይበላዋል። ያንኳኳል። ጥሩ ኮንክሪት እንደ ደወል ይጮሃል፤ የነዚያ ህንፃዎች ምሰሶ ግን እንደ ባዶ ጆንያ ዱብ ይላል። ዱብ ማለቱንስ ይልመደው። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ኳ ኳ ኳ እያለ ይመልስለታል። ለማን ይናገር? ለሐኪም እንዳይናገር፣ ሐኪሙ የተቀመጠበት ህንፃ ራሱ የሱ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ታናሽ እህቱ ደወለች። ሚጡ ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እጁን ይዛ "አደራ፣ እሷን አደራ" ያለችው ስለ እሷ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከቤት የሚውልበት ቀን የለም። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ደም ታይቷት ሆስፒታሉ ውስጥ አስተኝተዋታል። ዘጠኝ ቀኗ። እንዳይጨነቅ ብላ ነው እስካሁን ያልነገረችው።

"የት ጋ ነው ያስተኙሽ?" አላት።

"ሦስተኛ ፎቅ፣ ምሰሶው ስር።"

ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ክፍሉ ውስጥ አስራ አንድ ሴቶች ተኝተዋል።

"ወንድምዓለም! ምነው፣ የሞትኩ መሰለህ እንዴ? ፊትህ አመድ ሆኗል።"

"ደረጃው ነው።"

"ደረጃውንማ ለኛ ተወው! ሊፍቱ እንደሆነ ጉድጓድ ብቻ ነው። አንዷ ምጥ ይዟት ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወልዳ፣ ሦስተኛውን ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን ምሰሶው ላይ ፈዟል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ጎን ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የተሠመሩ ትንንሽ መስመሮች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጓደኛዬ ነው" አለች ሚጡ። "ከአልጋ እንዳትወርጂ ተብያለሁ፣ ምን ልሥራ? ጠዋት ጠዋት ቁመቱን እለካዋለሁ። የገባሁ ቀን እዚህ ነበር፣ ይኸው ዛሬ እዚህ ደርሷል። ያድጋል እኮ፣ ሆዳም ነገር! ሲስተርን ጠይቄያት ቀለም ነው የተሰነጠቀው ብላኛለች።"

እጀ ወርቅ መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ መሃል የጥፍር ስፋት ነው ያለው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መሃል ሦስት ጣት ይገባል። ሳያስበው አንኳኳ። ዱብ አለ። ጆሮውን አስጠጋ። ከውስጥ መልሱ መጣ፤ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አልነበረም፣ ቸኩሏል።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለችው እህቱ። አሁን አልሳቀችም።

"ምንም። መጣሁ፣ ጠብቂ—" ብሎ አቋረጠ። ያንኑ ቃል ለሌላ ሰው ብሎታል። "አሁኑኑ እመለሳለሁ" አላት።

ጋሼ ቪላቸው በረንዳ ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። እጀ ወርቅ ሰላም ከማለቱ በፊት ጣቱ አላስቻለውምና የበረንዳውን ምሰሶ ነካ አደረገው። እንደ ደወል ጮኸ። ጆሮውን ቢያስጠጋም ከውስጥ ምንም የለም። በከተማው ውስጥ ሰው ያልተቀበረበት ምሰሶ ይሄ ብቻ ነው ብሎ አሰበ።

"ጋሼ፣ የሆስፒታሉ ምሰሶ እየተሰነጠቀ ነው።"

"ቀለም ነው። ነገ ቀቢ እልካለሁ።"

"እህቴ ናት እዚያ የተኛችው!"

"ታዲያ መኪናዬን ውሰድና ሌላ ከተማ አድርሳት። ምን ችግር አለው?"

"በመኪና ከተንገጫገጨች ደም ይፈሳታል ተብሏል። ደግሞስ አስሩ ሴቶች?"

"አስሩም እህቶችህ ናቸው?" ጋሼ ጋዜጣውን አጠፉት። "ስማኝ ልጄ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ። እኔ በላሁ፣ አንተም ከፍርፋሪው በልተሃል። ኩቡ ላይ ያለው የማን እጅ ጽሑፍ ነው? አፍህን ብትከፍት መጀመሪያ የምትዋጠው አንተ ነህ።"

እውነታቸውን ነው። እጀ ወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አሰበበት፤ አሰበበትና በሩጫ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ።

የወሊድ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ግዙፍ ሴትዮ ናት፤ ሐኪሞቹም ይፈሯታል። የሚለውን ቆማ ሰማችውና ግድግዳው ላይ በመስታወት ወደተሰቀለው ወረቀት ጠቆመች። "እንደዚህ የመሰለ ወረቀት እያለን ምሰሶው ታሟል ትለኛለህ? አንተ ሐኪሙ ነህ?"

እጀ ወርቅ ወረቀቱን አየው። አየውና፣ ያኔ ከጋሼ ጋር የሳቁት ሳቅ ትዝ አለው።

"ሲስተር፣ የመጨረሻውን መስመር ያንብቡልኝ።"

"አራተኛ ፎቅ፣ ምሰሶዎች፣ ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ።"

"እስቲ ይምጡ፣ አራተኛውን ፎቅ ያሳዩኝ።"

ሴትዮዋ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ሠርታለች፤ ወረቀቱን ማን አንብቦት ያውቃል! ተከትላው ደረጃውን ወጣች። ደረጃው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው፤ የዛጉ ፌሮዎች፣ ፌሮው ላይ የተሰጣ የሆስፒታል አንሶላ፣ ሁለት እርግቦች።

"ይሄ ነው ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ የተባለው" አላት። "እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ጓሮዬ በርሜል ውስጥ። ከስሩ ያሉትንም እንደዚሁ። የገበያ አዳራሹንም እኔ ነኝ።"

ሲስተር ወርዳ ክፍሉ ውስጥ ገባችና እጇን አጨብጭባ "ሴቶች! ትኋን ተገኝቷል! መድኃኒት ይረጫል፣ ሁላችሁም ወደ ታች!" አለች። ድንጋጤ እንዳይነሳ ነው። ከትኋኑ ይልቅ ድንጋጤው ነፍሰ ጡር ይጎዳል።

ባሎች፣ ወንድሞች፣ አማቾች ተጠሩ። ቃሬዛ አንድ ብቻ ነበርና ሴቶቹን ከነፍራሻቸው በአራት በአራት ሰው አወረዷቸው። ትኋን መባሉን የሰሙት የታች ፎቅ በሽተኞችም ተነስተው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ መጨረሻ ላይ የቀረችው ሚጡ ናት። እጀ ወርቅ በራስጌ በኩል ያዘ። ወደ ኋላ እየሄደ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሩ እየዳበሰ፣ ሳያንገጫግጫት፣ ኩብ ተሸክሞ እንደሚሄደው በዚያ እጁ። በየፎቁ ከምሰሶው ውስጥ ይንኳኳል። ላቡ ፊቷ ላይ ይንጠባጠባል።

"ወንድምዓለም" አለችው ዝቅ ብላ፣ "ትኋን አይደለም አይደል?"

"አይደለም።"

ያሳረፏቸው በግቢው ዳር ያለ የድሮ የእንጨትና የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። እጀ ወርቅ ወጋግራውን አንኳክቶ "ግቡ፣ ይሄን እኔ አልሠራሁትም" አለ።

እንግዲህ ህንፃው በዚያን ጊዜ ቢወድቅ ሰውዬው ጀግና በሆነ። አልወደቀም። በነጋታውም አልወደቀም። ቀለም ቀቢው መጥቶ ስንጥቁን ደፈነው፣ የሚጡ መስመሮች ሁሉ ጠፉ። ኃላፊዎች መጥተው ወረቀቱን አይተው ሄዱ። ሰዉም ማጉረምረም ጀመረ፤ በአንድ እብድ ወሬ ሚስቶቻችን መጋዘን ውስጥ ተኙ አለ። ሰኞ ሁሉም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። እጀ ወርቅ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ ህንፃውን ሲያይ ይውላል። ሆስፒታል ሆይ ውደቅ ብሎ የሚለምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ለመነ። ባዶ እያለህ፣ ሰው ሳይገባብህ፣ እባክህ።

ሚጡ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እሑድ ጠዋት ጠራችው።

"የገበያ አዳራሹ ጊዜ ከስር ያንኳኳ ሰው ነበር አሉ።"

እጀ ወርቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ደበቀ።

"እናታችን አደራ ያለችህ እኔን ብቻ መሰለህ?" አለችው።

ይሄ በቃው። መሮና መዶሻውን ይዞ ባዶው ህንፃ ውስጥ ገባ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ እህቱ በተኛችበት ቦታ ላይ፣ ምሰሶው ላይ መሮውን ተከለ። አንድ በመታ ቁጥር ከውስጥ ሦስት ይመለስለታል። አሸዋው እንደ ውሃ እግሩ ላይ ይፈሳል። "ቆይ፣ አልሄድም" እያለ ያወራል፤ "የትም አልሄድም፣ ዛሬ ስልኬን ቤት ነው የተውኩት።" ጣሪያው ሁለቴ ተንቋቋ። ኩብ የሚያህል ቁራጭ ፈልፍሎ በእህቱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪው በር ላይ ሲስተር፣ ከኋላዋ ፍራሽ ያወረዱት ወንዶች ሁሉ ቆመዋል።

"ማመልከቻ ያስፈልጋል" አለ መነጽሩ።

"ማመልከቻው እኔ ነኝ" አለች ሲስተር። "ፈትነው።"

መነጽሩ ዙሪያውን አየ። በሩ በሰው ተዘግቷል። ቁራጩን ማሽኑ ውስጥ አስገባና ቁልፉን ተጫነ። ሁሉም ዓይኑን መርፌው ላይ ተከለ። መርፌው ከዜሮ ላይ ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ገና ሳይጮህ፣ ገና ነካ ሲያደርገው፣ ቁራጩ አሸዋ ሆኖ መሬት ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአሸዋው ድምፅ ብቻ ነበር። መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ያ ህንፃ ራሱ ገብቶ ሲፈተን የመጀመሪያው ነው።

የመመለሱ ትእዛዝ ተሰረዘ፣ ህንፃው ታጠረ። ሚጡ ከአምስት ሳምንት በኋላ የቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጩኸቷ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጣል አሉ። ጋሼ በዚያው ሰኞ ለሕክምና ብለው ውጭ አገር ሄዱ፤ መቼም እዚህ አይታከሙም። መነጽሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ያውም በእድገት። እጀ ወርቅ ታሰረ። አልተከራከረም፤ ስለ አዳራሹም ስለ ሁሉም እሱ ራሱ ነው ቃሉን የሰጠው።

ፖሊስ ጣቢያ ምድር ቤት አስገቡት። ዘቡ ጥጉ ላይ ያለውን ፍራሽ አሳየው። "ቦታህ እዚያ ነው፣ ምሰሶው ስር።"

እጀ ወርቅ ምሰሶውን አየ። ጣቱን በላው። አንኳኳ። ዱብ።

ምድር ቤት፣ ምሰሶ ሰባት። በሚስማር ሲጽፍበት ትዝ አለው፤ በጣም ያማረ ኩብ ነበር።

"ወንድም፣ ፍራሹን ወደ መሃል ባደርገውስ? ይሄ ምሰሶ አያስተማምንም።"

"ኧረ ባክህ!" አለ ዘቡ። "ይሄ ህንፃ ወረቀት አለው።"

እጀ ወርቅ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ክፍሉ ፀጥ አለ። ከምሰሶው ውስጥም ቀስ ብሎ መጣ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ፍራሹን አላንቀሳቀሰውም። ምሰሶው ስር ተቀምጦ ጆሮውን አስደግፎ መለሰ፤ ሦስት ጊዜ። ያኛው መለሰ። እሱም መለሰ። ጠዋቱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ ቀትሩም አለፈ። አላቋረጠም።

ዘቡ በሩን ደበደበ። "ኧረ ይበቃሃል! ማንን ነው የምታነጋግረው?"

"አንድ ሰው ጠብቀኝ ብዬው ሄጄ ነበር" አለ እጀ ወርቅ፣ ጣቱን ሳያነሳ።